ልጄን ማን አሳመማት?

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር እፈልጋለሁ። ጋሽ ጴጥሮስን «ከስብከቱ በፊት ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ይህን ነገር ሳልናገር ዛሬም ከዚህ ቤት ብወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተም ከሰማችሁ በኋላ ዛሬ ደህና የምትተኙ አይመስለኝም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አሜን ስትሉ ደግሞ ቀስ በሉ። ቤተ ጸሎታችን ከታሸገ ወዲህ እንዲህ ጓዳ ለጓዳ መሆናችንን ታውቃላችሁ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከዚህ አጥር ማዶ ነው። ደስ ያለው ሰው አንገቱን ይነቅንቅ፤ ጌታ የአንገትንም አሜን ይሰማል። ክብር ለስሙ ይሁን!

የማታውቁኝ ካላችሁ ዘነበች እባላለሁ። እዚሁ ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ በታች ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ ታደሰ ታች ወይጦ ቆላ በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ጌታ አንዲት ልጅ ሰጥቶናል፣ ሰናይት። ይህ ነገር ሲሆን ገና አራት ዓመቷ ነበር።

ከአሁን በፊት ስመሰክር «ጌታን የተቀበልኩት በልጅነቴ ነው» ስል ሰምታችሁኛል። አዎ ተቀብዬዋለሁ። ቤቴ አስገብቼ ወንበር ሳልሰጠው ነው መሰለኝ እንጂ! የኔ ሥራ ሌላ ነበር፤ የኔ ሥራ የሰው ልብ ማንበብ ነበር። አንዲት እህት ፀጉሯን በካውያ ካስተኛች «ይህቺ ወደ ዓለም ልትመለስ ነው» እላለሁ። አንድ ወንድም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቶሎ እጁን ካወጣ «ይሄ አንድ ቀን ይሸጠናል» እላለሁ። ሰው በጸሎት መሃል ካንቀላፋ «የደበቀው ኃጢአት ቢኖር ነው» እላለሁ፤ ያ ወንድም ሌሊቱን ሙሉ ጥበቃ ተመድቦ ሲንቀጠቀጥ አድሮ መምጣቱን እያወቅሁ! «በመንፈሴ ተሰምቶኛል» ካልኩ በቃ፣ አለቀ። ገና ስታዩኝ ነጠላችሁን ታስተካክሉ ነበር እኮ። አትሳቁ! እውነቴን ነው። እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ ጸጋ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያልኩ ስኖር ነው እህት ዶርቃ ወደ ኅብረታችን የመጣችው። ዶርቃን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አሪ ናት፤ ወደ ኔሪ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ሸክላ ትሠራለች። እዚህ አገር ሸክላ የሚሠሩትን ማና እንደሚሏቸው፣ ገበሬው ራሱ ቤታቸው ገብቶ እንደማይበላ የታወቀ ነው። የኛ የከተሜዎቹ ደግሞ ይብሳል። «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ልጅ ይበላል» እንላለን። ጌታን ከተቀበልን በኋላም እንላለን! ጮክ ብለን አንልም እንጂ።

አማርኛዋ ደግሞ ጉድ ነው። ከገበያ የለቀመችው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። «እትዬ ዘነቡ፣ ደህና አደርህ?» ትለኛለች። ንቀት እንዳልሆነ ልቤ ያውቃል፤ ግን ተቀየምኳት። ሰው ፊት «ደህና አደርህ» መባል ለእኔ ለዘነበች! አንድ እሑድ ደግሞ ከዚሁ ስንወጣ ሰናይትን ጉንጯን ነካ አደረገቻትና «ልጁ ያምራል» አለች። ክው አልኩ። «እትፍ በዪ! እትፍ በዪባት!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም ግራ ገብቷት እትፍ አለች። ቤቴ ስገባ ከእሷ የገዛኋትን የልጄን የወተት ማሰሮ አንስቼ ከጓሮ አጥር ጋር አጋጨኋት። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህች ሴት እጅ የነካው ዕቃ ቤቴ አይገባም» አልኩ፤ አልኩና ደግሞ ጸለይኩበት።

በዚያው ሰሞን ታደሰ ከቆላ መጣ። አንድ ነጭ ቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ፤ እጀታ ያለው፣ ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ዓይን የሚስብ ነገር። «ምን የነበረበት ነው?» አልኩት። «መድኃኒት። አጥቤዋለሁ፣ ለነጭ ጋዝ ይሆንሻል» አለኝ። እኔ ለነጭ ጋዝ ያለውን አልሰማሁም። መድኃኒት የሚለውን ሰማሁና ደስ አለኝ። መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምን ይወጣለታል? ንጹሕ ነው፣ እንደ ጤና ጣቢያ ዕቃ ነው አልኩ። እሱ ወደ ሥራው ሲመለስ በአመድ ፈትጌ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቄ የሰናይትን ወተት ማኖር ጀመርኩበት። ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። «ከጭቃ ተገላገልኩ» እያልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ልጄ ታመመች። መጀመሪያ ያስመልሳት ጀመር። ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ምራቋ በከንፈሯ ይወርዳል፣ እግሯም ሲራመድ ይከዳታል። አንድ ቀን ይሻላታል፣ በማግሥቱ ይብሳታል። ለማንም ባልናገርም በልቤ «ያቺ ሴት» አልኩ። ጉንጯን የነካችበትን ቦታ በቅባት እያሸሁ እጸልያለሁ። ስጸልይም «ጌታ ሆይ፣ ፍረድ!» ነው የምለው። ያኔ ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር።

በዚህ መሃል «ታደሰ በወባ ወይጦ ላይ ወድቋል» የሚል መልእክት መጣ። ምን ላድርግ? የታመመች ልጅ ይዤ ወደ ወባ አገር አልወርድ። ጎረቤቴን እማማ ብርቄን ለመንኳቸው፤ አሮጊት ናቸው፣ እንደ እናት ናቸው። «ወተቷን እያፈሉ በነጩ ቆርቆሮ ያኑሩላት፣ ዛሬ ሄጄ ነገ እመለሳለሁ» ብዬ በጭነት መኪና ወረድኩ። ነገ የት አለ? ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፤ ወይጦ ላይ መኪና ጠፋ። ታደሰ ወባው ለቆት ተነስቶ ሲሄድ እኔ ገና መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ መኪና እጠብቃለሁ። አንጀቴ እየተቃጠለ።

በመጨረሻ ከሳምንት በላይ ቆይቼ ጂንካ ስገባ እማማ ብርቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ የለችም። «ሰናይትስ?» አልኳቸው። አቀረቀሩ። «ልጄ፣ አትቆጪኝ፤ ዓይኗ ሲገለበጥብኝ ታቅፌያት መንገድ ላይ ወጣሁ፣ ማንም የሚያግዘኝ አጣሁ። ያቺ ሸክላ ሠሪዋ ከገበያ ስትመለስ አገኘችንና ወሰደቻት። እሷ ጋ ናት» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ስደርስ ልጄ ከዶርቃ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ በሸክላ ጭቃ ላም ትሠራለች። ጉንጯ ሞልቷል፤ ዓይኗ ጠርቷል። ይህን ሁሉ ዓይኔ አይቷል፤ ዛሬ ስናገረው ትዝ ይለኛልና አይቷል። ያን ቀን ግን ልቤ አላየም። ዶርቃ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች፤ ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ መጣህ? እግዚአብሔር ይመስገን! ልጁ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያሳመምኩት።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ ያሳመምኩት» አለችኝ ደረቷን መታ መታ እያደረገች። «ብቻዬን። እማማ ብርቄ ፈራ። እኔ አሳመምኩት።»

ፈገግ ብላ እኮ ነው! በራሷ አፍ! ማንም ሳይጠይቃት! ልጄን ነጥቄያት እየጮህኩ ዳገቱን ወጣሁ። ሰናይት ወደ ኋላዋ እያየች «እማዬ፣ ላሜ! ላሜ!» ትላለች፤ የጭቃዋ ላም ቀርታባት ነው። እኔ ግን ሴትየዋ በዓይኗ ስባ ልጄን የጠራቻት መሰለኝ።

ቤቴ እንደገባሁ እማማ ብርቄ መምጣቴን አይተው ያስገዙት ትኩስ ወተት ነበር። አፈላሁ፣ በቆርቆሮው አኖርኩ፣ ሲበርድ ለልጄ አጠጣሁ። ከሰዓት በኋላ ምራቋ መውረድ ጀመረ። ምሽቱን ማስመለስ፣ በማግሥቱ መንቀጥቀጥ። እኔ ምን አልኩ? «ይኸው! ቤቷ እያለች ደህና ነበረች፤ ከእጇ ስነጥቃት ተከትላን መጣች» አልኩ። አያችሁ አይደል? ማስረጃው ሁሉ ፊቴ ተዘርግቷል፤ እኔ ግን ገልብጬ አነበብኩት።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እዚሁ ነበራችሁ። ዶርቃን በኅብረቱ ፊት አቆምኳት። ጋሽ ጴጥሮስ ይባረኩ፣ «ዘነቡ፣ ቀስ በዪ፣ ራሷን እንጠይቃት» ብለው ነበር። ጠየቋትም። «እህት ዶርቃ፣ የእህት ዘነበችን ልጅ አሳምመሻል ወይ?» አሏት። እሷ ደግሞ ደስ ብሏት «አዎ፣ አሳመምኩ» አለች። ትዝ ይላችኋል? ልትመሰገን የተጠራች መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ነበር እኮ! ከዚያ እኔ «ሰማችሁ!» ብዬ ስጮህ፣ እናንተም ስትጮሁ የአንዱን ፊት አየች፣ የሌላውን ፊት አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሲጠፋ አይቼዋለሁ። «ከኅብረቱ ትውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። ግን «አሜን» ያለው ማን ነበር? ዛሬ ማንንም ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ ከዚያ ሥራ ጌታ ጡረታ አውጥቶኛል።

ወሬው ወጣ። በሳምንቱ ጎረምሶች ሄደው ለገበያ ያሰናዳችውን ሸክላ በሙሉ ሰባበሩባት። እኔ ድንጋይ አላነሳሁም። ድንጋዩን ያስነሳው ግን የኔ አፍ ነው፤ ስሰማም «ጌታ ፈረደ» ብያለሁ። አቤቱ ማረኝ! እንደዚህ ብያለሁ።

ልጄ ግን አልዳነችም። ባሰባት። አንድ ጠዋት ሰውነቷ ግትር ብሎ ዓይኗ ተገለበጠ፤ አዝዬያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ሲሻላት የምትጠጣው ይኑር ብዬ ወተቱን በቆርቆሮው ይዤላት ሄድኩ። አዎ፣ ያንኑ ቆርቆሮ በእጄ አንጠልጥዬ!

በሽተኛ የሚያየው፣ መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ዮሐንስ የሚባል የአሪ ሰው ነው። እያጣደፍኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቡዳዋን፣ ጉንጯን መንካቷን፣ ሁሉን። እየሰማኝ እጁ ይሠራል። የልጄን ዓይን በጣቱ ገለጥ አድርጎ በባትሪ አየ። የዓይኗ ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። አፏንም አሸተተ።

«ይህቺ ልጅ ምን ትጠጣለች?» አለኝ።

«ወተት ብቻ» አልኩና ቆርቆሮውን ከፍቼ በኩባያ ልቀዳለት አልኩ።

«ቆይ! ይህን ዕቃ ከየት አመጣሽው?»

«ባለቤቴ ከጥጥ እርሻ አመጣልኝ። ንጹሕ ነው፤ መድኃኒት የነበረበት ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

«መድኃኒት ነዋ!»

ቆርቆሮውን ከእጄ ነጠቀኝ። ክዳኑን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። «የጥጥ ትል የሚገድሉበት ነው!» ብሎ ጮኸ። «መርዝ ነው፣ እህቴ! መርዝ! ይህን ነው ለልጅ የምትሰጪው?»

ወገኖቼ፣ ሰው በቁሙ ሲሞት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን ሞቻለሁ። አማርኛ አዋቂዋ ዘነበች! ሰው «ደህና አደርህ» ቢላት የምትቀየመው ዘነበች! በገዛ አገሬ ቋንቋ መድኃኒት የሚያድንም የሚገድልም መሆኑን አጣሁት።

ዮሐንስ መርፌውን እያዘጋጀ «በመሃል ተሽሏት ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ ሴትየዋ ቤት ሳለች። ግን እሷ ናት ያሳመመቻት፤ በአፏ ነግራኛለች» አልኩ። አሁንም እኮ አልተውኩም!

«ምን አለች? ልክ ያለችውን ንገሪኝ።»

«‹እኔ ነኝ ያሳመምኩት› አለች።»

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። «አስታመምኩት ማለቷ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አስታመምኩት። እኔም ተማሪ ቤት አማርኛ ስማር ‹እናቴን አሳመምኩ› ብዬ ክፍሉ በሙሉ ስቆብኛል። ሴትየዋ ልጅሽን አስታማልሻለች። ላም የላትም አይደል? ወተት አልሰጠቻትም። ለዚህ ነው የተሻላት።»

ይህቺ ሴት አንድ አረፍተ ነገር አስተካክላ ተናግራ አታውቅም። ሴቱን አንተ ስትል፣ ሴት ልጄን ልጁ ስትል፣ «አማርኛዋ አይረባም» ብዬ የምስቀው እኔ ነኝ። ሌላውን ቃሏን ሁሉ ጥዬ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ እንደ መሐላ አጥብቄ ያዝኩባት! ለምን? ያቺ ቃል ልቤ ሲፈልጋት የኖረች ቃል ስለሆነች ነዋ! ልጄን ያሳመማት ማን ነው? በየቀኑ አፍልቼ፣ አብርጄ፣ «እማዬ ይበቃኛል» ስትለኝ «ጠጪ» ብዬ ያሳመምኳት እኔ እናቷ ነኝ።

ዮሐንስ መርፌውን ወጋትና «እኔ ያለኝን ሰጥቻለሁ፤ የቀረውን አምላክሽን ለምኚ» አለኝ። ልጸልይ ተንበረከክሁ። አፌ የለመደውን ሊል ተከፈተ፤ «ጌታ ሆይ፣ ፍ...» ጥርሴ ያዘው። ከፈረደ ማን ላይ ነው የሚፈርደው? በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ጌታ ስለ ጉድፉና ስለ ምሰሶው የተናገረውን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሁልጊዜ ስሰማው «ይህን እገሊት በሰማችው» እያልኩ ነበር። ያን ቀን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማረኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «ማረኝ፣ ልጄን አትንሳኝ፣ ማረኝ።» እኔ ጌታን ያገኘሁት በልጅነቴ አይደለም፤ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው። ሃሌሉያ! ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ።

ልጄ ተነፈሰች። በማግሥቱ ውሃ ጠየቀች። ከዚያ ቀስ በቀስ እግሯ ጸና። ጌታ አልበቀለኝም! ልጄን ሊወስዳት ይገባው ነበር፤ አልወሰደም። ክብር፣ ክብር፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!

ልጄ እንደዳነች ወደ ጋሽ ጴጥሮስ ሄድኩ። «በኅብረቱ ፊት ልናዘዝ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ» አሉኝ። ከእናንተ ፊት መናዘዝ ቀላል ነበር፤ እዚያ መሄዱ ነው የከበደኝ። ሄድኩ። ዶርቃ በስብርባሪው መሃል ቁጭ ብላ አዲስ ጭቃ ትደቁሳለች። ስታየኝ ብድግ አለችና ልጆቿን ወደ ቤት አስገባች። ይህን ሳይ እንባዬ መጣ። እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ ወተቱን፣ ቃሏን እንዴት እንደሰማሁት። ተመልሳ ቁጭ ብላ ጭቃዋን ደቆሰች።

«ይቅር ብያለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «ተነሳ። ቤት ግባ። ብላ።»

ገባሁ። የተቀቀለ ጎደሬ ከጎመን ጋር በሳህን አቀረበችልኝ። ወገኖቼ፣ አሁን የምነግራችሁ ከቆርቆሮውም የሚያስደነግጠውን ነው። እጄ አልሄደም! ልጄን ያዳነች ሴት ናት፤ አውቄያለሁ። ንስሐ ገብቻለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። እጄ ግን ጭኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ራሴን ሌላ ሰው ሆኜ አየሁትና ዘገነነኝ።

ዶርቃ ታየኛለች። «አየሁህ» አለችኝ። «ፈራህ።»

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ፣ ፈራሁ» አልኳት። «ጌታ ያውቃል፣ አሁንም እፈራሻለሁ።»

«እኔም አንተን ፈራሁ» አለች።

«እኔን? እኔን ምን ብለሽ?»

«እማማ ብርቄ ልጁን ይዞ መንገድ ላይ ሲያለቅስ አየሁ። ልቤ ‹ተው፣ አትንካ› አለኝ። ልጁ እኔ ቤት ከሞተ ሰው ‹በላው› ይላል። እኔን ይገድላል፣ ቤቴን ያቃጥላል፣ ልጆቼን ይገድላል። አውቃለሁ። ቤት ወስጄ ሳስተኛው በሩን በድንጋይ ዘጋሁ።»

«ታዲያ ለምን ወሰድሽው?» አልኳት። የገዛ ሴት ልጄን!

እንደ ሞኝ አየችኝ። «አለቀሰ» አለች። «ልጅ ነው። አለቀሰ።»

ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ጥቅስ አልጠቀሰችልኝም፤ ስብከት አልሰበከችልኝም። እኔ ቤቴ ተቀምጬ የእሷን ዓይን ስፈራ እሷ የኔን አፍ እየፈራች፣ ሞቷን እያየች ልጄን በማንኪያ የቡላ አጥሚት እያጠጣች አስታማልኛለች። ቡዳዋ ማን ነበረች? ልጅ የሚበላው ዓይን የማን ነበር? «ጌታ ሆይ፣ ይህን እጅ አንተ አንቀሳቅሰው» አልኩ። ጎደሬውን አነሳሁ። የመጀመሪያው ጉርሻ በእንባ ነው የወረደው። ሁለተኛውን እሷ አጎረሰችኝ።

ይህን ሁሉ ያደረገልኝ ጌታ ስሙ ይባረክ! ልጄ ይችው በሕይወት አለች፤ ባለቤቴም ያንን ቆርቆሮ በምሳር በስቶ ቀብሮታል፤ እርሻው ላይ ላሉት ሁሉም እየነገረ ነው። እኔ ዛሬም የሰው ጉድፍ ቶሎ ይታየኛል፤ አልጠፋልኝም፣ አልዋሻችሁም። ሲታየኝ ግን «ዘነበች፣ እስቲ ሌላም አረፍተ ነገሯን ስሚ» እላለሁ። ጌታ ልቤን ሲመረምረው አልሞትኩም። እናንተም አትሞቱም፤ ታመኑት። የሚያስፈራው ምርመራው አይደለም፣ ሳይመረመሩ መኖሩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልቀመጥ። ያኔ «ተሳስቼ ነበር» ብቻ ብያችሁ ዶርቃን ወደ ኅብረቱ ከመለስናት ብዙ ጊዜ ሆነ። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ የት አለች? ይህን ምስክርነት አልሰማችም። ውጪ በዝናቡ፣ አጥሩ ጋ ቆማ የቀበሌ ሰው እንዳይመጣብን እየጠበቀችልን ነው። ባለፈውም እሷ ነበረች። ከዚያ በፊትም እሷ ነበረች። ማን መደባት? ማንም አልመደባትም። ከእኛ መሃል ግን «ግቢ፣ ዛሬ እኔ ልቁም» ያላት አንድም ሰው የለም። እኔም አላልኳትም። ጎደሬዋን ከበላሁ በኋላም አላልኳትም! ዛሬ ጠዋት ስጸልይ ነው ይህ የታየኝና ደንግጬ የተነሳሁት።

አሁን እኔ ልውጣ፣ እሷ ትገባለች። ቀሚሷ በስብሷል፣ እጇም ጭቃ አለው። ቦታ የለም እንዳትሏት፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።